ሙዙ እየተሠራበት ነው?

ነገሩ የተከሰተው እንግሊዝ አገር፣ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ነው። አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ሙዝ አስቀምጧል። ጥያቄ መጣበት፦ ይህ ሙዝ «አክቲቭ» ነው ወይስ «ኢንአክቲቭ»? አሁኑኑ የሚበላ ከሆነ ይቀመጥ። ካልሆነ ከጠረጴዛው ላይ ይነሣ። ወሬውን ያወጣው የሠራተኞቹ ማኅበር ነው። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2007፣ የጥር ወር መጀመሪያ። እኛ ገና 1999 ላይ ነበርን፣ ልክ የገና ሰሞን። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ጋዜጦቹ ተቀባበሉት፣ አገሩ ሳቀ።

እኔም ስቄያለሁ። ግን ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛው መዝገብ ቤት ነው። እኛም ዘንድ ፋይል «አክቲቭ» እና «ዴድ» ተብሎ ይለያል፤ ዴድ የሆነው ምድር ቤት ወርዶ አቧራ ይጠጣል። ሙዝ ላይ ግን እስካሁን የደረሰ የለም።

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። መሥሪያ ቤቱ አሠራሩን ለማሻሻል አማካሪዎች አስገብቶ ነበር፤ የሙዙ ጥያቄም የመጣው ከዚያ ነው። ዘዴው የተፈተነ ነው። አማካሪዎቹ ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። ገንዘብም ነበር። ታዲያ ቢሮ የማስተካከል ሥራ እንዴት ብሎ አንድ ሙዝ ላይ ወደቀ?

ቦታው ሎንግቤንተን ይባላል። ከኒውካስል ከተማ ወጣ ብሎ፣ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለ ሰፈር ነው። እዚያ ያለውን ሰፊ የመንግሥት ግቢ የአካባቢው ሰው «ሚኒስትሪው» ይለዋል። ግቢው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ የብሔራዊ ኢንሹራንስ መዝገብ ማዕከል ነው። ማን ስንት ዓመት ሠራ፣ ስንት ከፈለ፣ ጡረታው ስንት ይሆናል፤ ይህ ሁሉ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሥርዓቱ በ1948 ሥራ ሲጀምር ሁሉም ነገር ወረቀት ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ካርድ በእጅ ተጽፎ በእጅ ይፈለግ ነበር። እንግዲህ ዕቃን በቦታው የማስቀመጥን ነገር የግቢው ሰው ከማንም ቀድሞ ነው የሚያውቀው።

መሥሪያ ቤቱ በ2005 ዕጣው ተለወጠ። የአገር ውስጥ ገቢ እና የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች ተዋህደው አንድ ሆኑ። በዚያው ሰሞን መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ወስኖ ነበር፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት እስከ 2008 ድረስ 12,500 ያህል የሥራ መደብ እንዲቀንስ ተነገረው። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ሥራው ሳይቀንስ ሰው መቀነስ ካለበት መንገዱ አሠራርን መለወጥ ነው ተባለ። ሊን የሚባለው ዘዴ የገባው በዚህ በር ነው።

ሊን ከቶዮታ ፋብሪካ የወጣ፣ ከሥራ ውስጥ ብክነትን የማስወገድ አስተሳሰብ ነው። ካይዘን ስንል የምናውቀው የዚያው ቤተሰብ ነው። ሎንግቤንተን የገቡት አማካሪዎች ዩኒፓርት ከሚባል ኩባንያ የመጡ ነበሩ። ዩኒፓርት ድሮ የብሪቲሽ ሌይላንድ የመኪና መለዋወጫ ክፍል ነበር፤ በ1987 ተነጥሎ ራሱን ቻለ። አሠራሩን ያሻሻለው ከጃፓን መኪና አምራቾች ተምሮ ነው። ማለትም እነዚህ ሰዎች መጋዘን ያውቃሉ። ብሎን የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ። የመጡት ግን ደብዳቤና ኮምፒውተር ይዞ ወደሚውል ሰው ነው።

የተደረገው ይህ ነው። ሠራተኞቹ የቤተሰብ ፎቶና የግል ዕቃ ከጠረጴዛ ላይ እንዲያነሡ ተነገራቸው። ጠረጴዛው ላይ በጥቁር ፕላስተር ምልክት ተደረገ። ኪቦርዱ እዚህ፣ እስክሪብቶው እዚያ፣ ስቴፕለሩ በዚህ በኩል። ማኅበሩ «ይህ ሰውን ማዋረድ ነው» ብሎ ተነሣ። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ የፈለገው የጸዳና ሥርዓት የያዘ የሥራ ቦታ እንደሆነ ተናገረ። የሙዙን ታሪክ የነገረን አንዱ ወገን ብቻ መሆኑን አልረሳሁም። ፕላስተሩ ግን እውነት ነው፤ መሥሪያ ቤቱም አልካደውም።

አሁን ወደ እኛው ቋንቋ ላምጣው። ካይዘን አገራችን ሲገባ የሥራ ቦታ የሚደራጅባቸውን አምስቱን የጃፓን ቃላት በአማርኛ አምስት «ማ» አደረግናቸው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከእንግሊዝኛው ይልቅ የእኛው ቆንጆ ወጥቷል ባይ ነኝ። ነገሩ የተጀመረው በ2008 ዮኮሃማ ላይ ከተደረገው የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ በኋላ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን መንግሥት እገዛ ጠየቁ። በ2009 በጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ 30 ፋብሪካዎች ላይ ሙከራ ተጀመረ፤ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ አምስቱ ማዎች ያልተለጠፉበት ግድግዳ ማግኘት ይከብዳል። ከተለጠፉበት ግድግዳ ሥር ሦስት እግር ያለው ወንበር ተደግፎ ማየት ግን አይከብድም።

በሎንግቤንተን የተበላሸው ገና ከመጀመሪያው ማ ነው።

ማጣራት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ይህ ዕቃ ለሥራው ያስፈልጋል? ጥያቄው ቀላል ነው። ከባዱ ማን ይመልሰው የሚለው ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚመልሰው ማሽኑ አጠገብ የሚውለው ሰው ነው። የሚጠራጠርበት ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ ያንጠለጥላል። ካርዱ ላይ የዕቃውን ስም፣ ቀኑን፣ የጻፈውን ሰው ይጽፋል። ዕቃው ለብቻ በተለየ ቦታ ተቀምጦ፣ ለምሳሌ አንድ ወር፣ ይጠብቃል። የፈለገው ሰው ካለ ይወስደዋል። ከሌለ ይሸኛል። ጥበቡ መጣሉ ላይ አይደለም። ጥበቡ ማንም ሳይቆጣ፣ ማንም ሳይፈራ፣ ዕቃው ራሱ «አልተፈለግሁም» ብሎ እስኪመሰክር መጠበቁ ላይ ነው።

የልጅ ፎቶ ላይ ግን ቀይ ካርድ ምን ብሎ ይጽፋል? ፎቶ የፍለጋ ጊዜ አያባክንም። መንገድ አይዘጋም። አንድም ፋይል በፎቶ ምክንያት አልጠፋም። ሙዝም ቢበዛ ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ባለቤቱ በልቶ ያነሣዋል። ማጣራት ያለው ዓላማ ብክነትን ማየት ነው። ብክነት የሌለበት ቦታ ላይ ከተሰማራ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ሠራተኛውም ወዲያው ይገባዋል። «እኔን ነው የሚያጣሩት» ይላል። እዚህ ላይ ነው የቅድሙ 12,500 የሚመለሰው። ሰው ሊቀነስ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚያ አየር ውስጥ «የማያስፈልገውን እናስወግድ» ብሎ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት ፊት እንደሚጠብቀው መገመት አይቸግርም። ከሙዙ በፊት፣ በ2006፣ በበርካታ የመሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፎች ሠራተኞች በሊን የተነሣ ሥራ አቁመው ነበር። ሙዙ የመጣው በቆሰለ ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛው ማ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፕላስተሩን ሰው ሁሉ ያለ አግባብ የሚስቅበት ይመስለኛል።

ፕላስተር ሞኝነት አይደለም። ጋራዥ ሄዳችሁ የመፍቻ ሰሌዳ አይታችሁ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ በቀለም ተሥሏል። አንዱ ከጎደለ ባዶው ቅርጽ ራሱ ይጮኻል። ሦስት መካኒክ አንድን 14 ቁጥር መፍቻ ይጋራል፤ ማታ ሲዘጉ አንድ ሰው ቆሞ በአንድ ዓይን አይቶ ምን እንደጎደለ ያውቃል። የሥዕሉ ጥቅም ይኸው ነው። የጋራ ዕቃን ለጋራ ዓይን ያሳያል።

አሁን ያንን ሥዕል አንስታችሁ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። እስክሪብቶው የእሱ ነው። የሚጠቀምበት እሱ ነው። ግራኝ ከሆነ በግራ ያስቀምጣል። ጨለማ ውስጥም እጁን ቢሰድ ያገኘዋል። ታዲያ ፕላስተሩ ለማን ነው የሚያሳየው? ለሠራተኛው አይደለም፣ እሱ አያስፈልገውም። ስለዚህ ለአለቃው ነው ማለት ነው። የመፈለጊያ ምልክት የነበረው የመቆጣጠሪያ ምልክት ሆነ። ሠራተኞቹን ያስቆጣው ይህ ለውጥ ይመስለኛል።

የሚገርመው እዚያው ቢሮ ውስጥ የሚባክን ጊዜ ሞልቶ ነበር። እንደዚህ ባለ ቢሮ ውስጥ የሚቆለለው ምላሽ የሚጠብቅ ደብዳቤ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ክምችት ማለት ያልተገጠመ ዕቃ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ክምችት ማለት ያልተመለሰ ደብዳቤ ነው። አንድ ሰው ስለ ጡረታው ጽፎ ወር ሲጠብቅ የሚጠበቀው የስቴፕለሩ ቦታ እስኪታወቅ አይደለም። ጉዳዩ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሄድ መሃል ላይ የሚተኛበት ሣጥን ነው ችግሩ። ፕላስተር የሚያስፈልገው ያ ሣጥን ነበር።

ማጽዳትን ልለፈው። እዚያ ችግር አልነበረም።

ማላመድ በመሥሪያ ቤቱ የመጣው በሰሌዳ መልክ ነው። ቡድኑ በየጠዋቱ ነጭ ሰሌዳ ፊት ይቆማል። የትናንቱ ሥራ ይነገራል፣ የዛሬው ኢላማ ይጻፋል። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የጠዋት የአሥር ደቂቃ ስብሰባ ከረጅም ደብዳቤ ይሻላል። ግን ቁጥሩ በየሰዓቱ መቆጠር ጀመረ። ቀድሞ አንድ ሰው የአንድን ግብር ከፋይ ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሠራ የነበረው ተቆራረጠ፤ እያንዳንዱ ቁራሽ ለየሰው ተሰጠ።

ውጤቱስ? እዚህ ላይ ጥናቶቹ ተለያይተዋል፣ መለያየታቸውም ትክክል ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያስጠናው ግምገማ ምርታማነት እንደጨመረ አሳይቷል። ከስድስት ቅርንጫፎች ከ800 በላይ ሠራተኞችን የጠየቁ ሌሎች ምሁራን ግን ጫና እንደበዛ፣ ሥራው እንደተሰለቸ ጽፈዋል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የኦዲት ቢሮ በ2011 መለስ ብሎ ሲያየው ወጪው ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኗል። ኦዲተሮቹ መሻሻል እንደነበረ አልካዱም። ያነሡት ትችት ግን ልቤን ነካው፦ መሥሪያ ቤቱ የተናጠል ሥራዎችን እንጂ ጉዳዩን ከመነሻ እስከ መድረሻ አላየም። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ጸድቷል፤ በጠረጴዛዎቹ መሃል ያለውን መንገድ ግን ማንም አልጠረገውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያንገበግበኛል። የሙዙ ወሬ ከወጣ ዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ከዚያው መሥሪያ ቤት ሁለት ሲዲዎች ጠፉ። የጠፉት ዋሺንግተን ከምትባል ከተማ ነው፤ የአሜሪካኗ አይደለችም፣ ከሎንግቤንተን ብዙ የማትርቅ የእንግሊዝ ከተማ ናት። ሲዲዎቹ ላይ የልጆች አበል የሚያገኙ ቤተሰቦች መረጃ ነበር፤ የ25 ሚሊዮን ሰው ስም፣ አድራሻ፣ የባንክ ቁጥር። ለንደን ወዳለው የኦዲት ቢሮ በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ፖስታ ተላኩ፣ አልተመዘገቡም፣ አልደረሱም። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሊስቴር ዳርሊንግ ኅዳር ላይ ፓርላማ ቀርበው ተናገሩ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሊቀ መንበር ፖል ግሬይ ሥራቸውን ለቀቁ። ሲዲዎቹ አልተገኙም።

ፕላስተሩ ሲዲውን አላጠፋውም፤ እንዲያ አልልም። ቢሮውም ሌላ ነው። ግን አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ የእስክሪብቶን ቦታ በፕላስተር አስምሮ፣ የ25 ሚሊዮን ሰው መረጃ የት እንዳለ አላወቀም። ምን በፕላስተር መከበብ እንዳለበት የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ደግሞ ይመጣል።

የእኛን ቢሮ ሳስብ ችግራችን ከነሱ ይለያል። እኛ ዘንድ ፕላስተሩ አልበዛም። እኛ ዘንድ የሚከብደው መጣል ነው። የመንግሥት ቢሮ ከሆነ የተሰበረ ወንበር እንኳ ባለቤት አለው፤ በንብረት መዝገብ የአንድ ሰው ስም ላይ ወጥቷል። ቢጠፋ ያስጠይቃል። ቢሰበር ግን አያስጠይቅም። ስለዚህ ሰው የተሰበረውን ይዞ ይኖራል። ማስወገድ ካስፈለገ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ግምት፣ ጨረታ አለ። ይህ ሕግ ለምክንያት የወጣ ነው፤ ያለሱ ደግሞ ደህናው ወንበር «ተሰብሯል» ተብሎ ይሄድ ነበር። የሂሳብ ሰነድም እንዲሁ። ንግድ ሕጉ የሂሳብ መዝገብ 10 ዓመት እንዲቆይ ያዛል፤ ካይዘን ነው ብሎ ደረሰኝ የሚያቃጥል ሰው ኦዲት ሲመጣ የሚለውን ያጣል። ቀይ ካርድ እኛ አገር ሲመጣ መቀመጥ ያለበት ከንብረት ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ ነው። ኮሚቴው በዓመት አንዴ የሚሰበሰብ ከሆነ የአንድ ወር መጠበቂያ ቦታ የዓመት መጋዘን ይሆናል። አይቼዋለሁ፤ በሩ ላይ «ማጣራት» የሚል የተለጠፈበት፣ ውስጡ ሞልቶ ሰው የማይገባበት ክፍል።

ሁለተኛው ችግራችን «አቶ እገሌ» ነው። ፋይሉ የት ነው? አቶ እገሌ ናቸው የሚያውቁት። የት አሉ? ፈቃድ ላይ። ሎንግቤንተን ላይ ማንም የማይጋራው እስክሪብቶ ተከበበ። እኛ ጋ ሁሉም የሚጋራው መዝገብ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቆልፏል። አቶ እገሌን አልወቅስም። ሃያ ዓመት ያለ መደርደሪያ ቁጥር ሠርተው የሚያስታውሱት እሳቸው ብቻ ከሆኑ፣ ቢሮው በሳቸው ትውስታ ሲቆጥብ ኖሯል ማለት ነው። ማስቀመጥ የሚጀመረው እሳቸውን አጠገብ አስቀምጦ፣ ቡና አስመጥቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት ነው የሚያገኙት?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ ሥርዓት አላቸው። ያልተጻፈ ሥርዓት ነው እንጂ።

ስለዚህ እኔ ቢሮ አስተካክል ብባል ከማንም ጠረጴዛ አልጀምርም። የምጀምረው ከፕሪንተሩ ጎን ካለው ቁም ሣጥን ነው። ሁሉም ይከፍተዋል፣ ማንም አይዘጋውም። ያለቀ ቶነር፣ የቆየ ካላንደር፣ ቻርጀሩ የጠፋ ስልክ፣ ስልኩ የጠፋ ቻርጀር። በየቀኑ የሚፈለገው በእጅ ከፍታ ይቀመጣል። በሳምንት የሚፈለገው ታች። በዓመት አንዴ የሚፈለገው ከክፍሉ ይወጣል። በወረቀቱ ክምር ውስጥ አንድ ደስጣ ሲቀር ብቅ የሚል ካርድ አደርጋለሁ፤ ካርዱ የወጣለት ሰው ወደ ግዢ ይወስደዋል፣ በቃ። ደብዳቤ በሚጠብቅበት ሣጥን ላይ ቀን እጽፋለሁ፤ ከሦስት ቀን በላይ የተኛ ካለ ሁሉም እንዲያየው። የሰው ጠረጴዛ የመጨረሻ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ከፈለገ። ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥኑ ከተስተካከለ በሁለተኛው ሳምንት ሰው ሳይነገረው መሳቢያውን ይከፍታል።

ከሎንግቤንተን አንድ ነገር ግን በደስታ እወስዳለሁ፤ ፕላስተሩን። የቦክስ ፋይሎቹን በቁጥራቸው ደርድሬ ጀርባቸው ላይ ከግራ ታች እስከ ቀኝ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር እለጥፋለሁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ፋይል መሃል በምላጭ እቆርጠዋለሁ። አንድ ፋይል ከወጣ መስመሩ ይቋረጣል። ያለ ቦታው ከገባ መስመሩ ይሰበራል። ከበሩ ላይ ሆኖ ይታያል፤ አቶ እገሌም ፈቃዳቸውን በሰላም ይጨርሳሉ።